ከኩምሳ ቤተ መንግሥት እስከ ቲን ነምበር፦ የወለጋ ነጋዴ እንዴት ተቆጠረ?

መንግሥት ነጋዴን ግብር ለማስከፈል ሁለት ነገር ማወቅ አለበት፦ ማን ነው? ስንት ያገኛል? የመጀመሪያው ጥያቄ በኢትዮጵያ ከሞላ ጎደል ተመልሷል። ሁለተኛው ግን እስከ ዛሬ ያጨቃጭቃል። የወለጋ ከተሞች ታሪክ ይህንን በደንብ ያሳያል።

በ1874 ዓ.ም. የሌቃ ነቀምት ገዥ ሞሮዳ በከሬ ያለ ጦርነት ለምኒልክ ገበሩ፤ የውስጥ አስተዳደራቸውንም እንደያዙ ቀሩ። ልጃቸው ኩምሳ፣ በክርስትና ስማቸው ደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔር፣ በዚያው መንገድ ቀጠሉ። ያኔ ከአዲስ አበባ ሲታይ ነቀምት ላይ የነበረው ግብር ከፋይ አንድ ሰው ብቻ ነው፦ ገዥው። ወርቁና የዝሆን ጥርሱ በእርሳቸው በኩል ይላካል፤ ከማን ስንት እንደተሰበሰበ የሚያውቀው የነቀምት ቤተ መንግሥት ነው። ከዚያ ቤት የተረፉትን የአማርኛ ሰነዶች አሌሳንድሮ ትሪዩልዚና ተሰማ ታኣ እ.ኤ.አ. በ2004 አሳትመዋቸዋል።

ሲራራ ነጋዴውም ቢሆን የሚታወቀው ከስሙ ይልቅ በጭነቱ ነበር። ኬላ ላይ የሚቆጠረው በበቅሎው ላይ ያለው ዕቃ ነው። ኬላውን ካለፈ በኋላ መንግሥት ከእርሱ ጋር ብዙም ጉዳይ የለውም።

ነጋዴው በስሙ እንዲመዘገብ ትልቁን እርምጃ ያመጣው የ1952ቱ የንግድ ሕግ ነው። ፈረንሳዊው ዣን ኤስካራ ማርቀቅ ጀመሩት፤ እርሳቸው ሲሞቱ አልፍሬድ ዦፍሬ ጨረሱት። የንግድ መዝገብ ዓላማው ሰዎች የሚዋዋሉትን ሰው ማንነት አውቀው እንዲተማመኑ ነበር። ደርግ ሲመጣ ግን ምዝገባው አጥር ሆነ። በ1968 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ የችርቻሮ ነጋዴ ካፒታል ከ200,000 ብር እንዳያልፍ ተገደበ።

ቲን ነምበር የመጣው በ1990ዎቹ ነው። በ1994 ዓ.ም. የወጣው የገቢ ግብር አዋጅ ነጋዴውን "ሀ"፣ "ለ" እና "ሐ" ብሎ ከፈለው። ቆይቶም አሻራ ተጨመረ። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የታክስ አስተዳደር አዋጅ ደግሞ ያለ መለያ ቁጥር የንግድ ፈቃድ እንዳይሰጥ ደነገገ። የነቀምት ባለ ሱቅ፣ የጊምቢ ቡና ነጋዴ፣ የደምቢ ዶሎ ሻይ ቤት፣ ሁሉም አንድ ሰው አንድ ቁጥር ሆኑ።

"ማን ነው?" በዚህ ተመለሰ። "ስንት ያገኛል?" የሚለውስ? በሐምሌ 2009 ዓ.ም. የቀን ገቢ ግምት ሲወጣ አምቦና ወሊሶን በመሳሰሉ የኦሮሚያ ከተሞች ሱቆች ተዘጉ። የጸቡ መነሻ ቁጥሩ አልነበረም፤ የገማቾቹ ሒሳብ ነው። ደብተር ለማይዝ ትንሽ ነጋዴ ዕድሉን የሚወስነው ለጥቂት ደቂቃ ሱቁ ደጃፍ ቆሞ የሄደ ሰው ነው።

ወለጋ ላይ ደግሞ ሌላ ጣጣ ተጨመረ። በ2012 ዓ.ም. በወለጋ ዞኖች ስልክና ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ነበር። ግጭቱም መንገድ ሲዘጋና ሰው ሲያፈናቅል ቆይቷል። ሱቅ ሲዘጋ ግን ቁጥሩ አብሮ አይዘጋም። ነጋዴው ቢሮ ሄዶ ፈቃዱን መልሶ ክሊራንስ ካልወሰደ፣ በመዝገቡ ላይ እንደ ሠራ ይታያል። ለመሄድ ደግሞ መንገድ ያስፈልጋል።

የኩምሳ ዘመን የተሻለ ነበር ለማለት አይደለም። ያን ጊዜ ገባሩ ደረሰኝም ይግባኝም አልነበረውም፤ ዛሬ ሁለቱም በሕግ አሉ። ነገር ግን ያኔ ግብር ሰብሳቢው አገሩ ሰላም ይሁን አይሁን በዓይኑ ያይ ነበር። ቁጥር ዓይን የለውም። መንገዱ መዘጋቱን የሚያውቅ መንግሥት፣ ነጋዴው ሳይለምነው ሒሳቡን ማቆም አለበት። ሰውን በአሻራ መለየት የቻለ ሥርዓት የተዘጋ ከተማን መለየት አያቅተውም።