ባቡሩ ያልወጣው ዳገት፦ ከካርቲየ 7 ቢስ እስከ ቁልቢ ገብርኤል

ማኅበራችን የኢዮቤልዩ በዓሉን በሚያከብርበት በዚህ ወቅት ስለ ዕድራችን፣ ስለ ዕቁባችን፣ ስለ ሠርጋችንና ስለ ለቅሷችን ብዙ ይነገራል፤ ይገባልም። በእነዚህ ጥቂት ገጾች የምናነሣው ግን ስለ አንድ መንገድ ነው። ከካርቲየ 7 ቢስ ተነሥቶ በባቡር በረሃውን የሚያቋርጥ፣ ድሬዳዋ ላይ ከባቡር ወርዶ በእግር ወደ ደጋው የሚወጣ፣ ቁልቢ ገብርኤል ደጃፍ ላይ የሚያበቃ መንገድ ነው። ከእናቶቻችንና ከአባቶቻችን ብዙዎቹ ሄደውበታል። እዚህ ተወልደው ያደጉት ልጆቻችን ግን የቁልቢን ስም እንጂ መንገዱን አያውቁትም። ታሪኩን መጻፋችንም ለእነርሱ ብለን ነው። ዓመታቱን እዚህ አገር እንደለመድነው በአውሮፓውያን አቆጣጠር፣ የበዓላቱን ቀን ደግሞ በእኛው አቆጣጠር አስቀምጠናል።

አስቀድመን ስለ ሰፈራችን ስም ጥቂት እንበል። «ካርቲየ» በፈረንሳይኛ ሰፈር ማለት ነው። «ቢስ» ደግሞ አንድ ቁጥር ለሁለተኛ ጊዜ ሲሰጥ የሚጨመር ቃል ነው፤ ሰባተኛ ሰፈር፣ ሁለተኛው እንደ ማለት። በአማርኛ ጆሮ ግን የሚመጣው ዕድለ ቢስ፣ መላ ቢስ የሚለው ነው። አድራሻችንን በደብዳቤ ያነበቡ የአገር ቤት ዘመዶች «ምነው፣ ሌላ ሰፈር ጠፍቶ ነው?» ሳይሉ አልቀሩም። አዲስ አበባ ያለው «ለገሃር»ም እንዲሁ ከፈረንሳይኛው የባቡር ጣቢያ የመጣ ነው። ባቡሩ ሰውና ዕቃ ብቻ ሳይሆን ቃልም ሲያመላልስ ኖሯል።

ባቡሩና ዳገቱ

ዐፄ ምኒልክ የባቡሩን ሥራ ፈቃድ ለስዊሱ አልፍሬድ ኢልግ የሰጡት በ1894 ነበር። ሥራው በ1897 ከጅቡቲ ተጀመረ። ሐዲዱ የሆልሆልን ሸለቆ በብረት ድልድይ ተሻግሮ፣ በአሊ ሳቢህ አልፎ፣ በአይሻና በአዲጋላ በረሃ ቀጠለ። መጀመሪያ የታሰበው መድረሻ ሐረር ነበረች፤ የንግዱ ከተማ እርሷ ነበረችና። ሐረር ግን ደጋ ላይ ናት። ከቆላው ተነሥቶ እዚያ ለመድረስ ያለው ተራራ ለባቡር እጅግ ቀጥ ያለ ነው፤ ወጪውም የሚቻል አልነበረም። ስለዚህ ሐዲዱ ሐረርን ትቶ ከተራራው ግርጌ ቆመ። በ1902 ታኅሣሥ ላይ ባቡሩ የደረሰበት ሜዳ መጀመሪያ «አዲስ ሐረር» ተባለ፤ ጸንቶ የቀረው ስም ግን ድሬዳዋ ነው። ከዚያ በገንዘብ ችግርና በመንግሥታት ውዝግብ ሥራው ተጓትቶ አዲስ አበባ የገባው በ1917 ነው። ጠቅላላ ርዝመቱ 784 ኪሎ ሜትር ሲሆን፣ ከጅቡቲ እስከ ድሬዳዋ ያለው 311 ኪሎ ሜትር ያህል ነው።

እንግዲህ ድሬዳዋ የተቆረቆረችው ባቡሩ ዳገት መውጣት ስላቃተው ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ቁልቢም ያለችው ከዚያው ዳገት በላይ ነው። ባቡሩ ለተሳላሚው በረሃውን አቀለለለት፤ ዳገቱን ግን ለእግሩ ተወለት።

የራስ መኮንን ስለት

ቁልቢ ከሐረር ወደ ሸዋ በሚወስደው የደጋ መንገድ ላይ ያለች፣ ከባሕር ወለል በላይ ከ2 ሺህ ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ያላት ቦታ ናት። ቤተ ክርስቲያኑን ያሠሩት ከ1887 ጀምሮ የሐረር ገዥ የነበሩት፣ የዐፄ ኃይለ ሥላሴ አባት ራስ መኮንን ናቸው። እንደሚነገረው ራስ መኮንን ጦራቸውን ይዘው ወደ ሰሜን ሲዘምቱ፣ በድል ከተመለሱ ለቅዱስ ገብርኤል ቤተ ክርስቲያን ሊያሠሩ ተሳሉ። በመጋቢት 1 ቀን 1896 በአውሮፓውያኑ አቆጣጠር፣ ማለትም በእኛ የካቲት 23፣ የዓድዋ ድል ሆነ። ራስ መኮንንም ስለታቸውን ፈጸሙ።

ራስ መኮንን ሕይወታቸው ያለፈውም እዚያው ቁልቢ ነው። በ1906 መጀመሪያ ወደ አዲስ አበባ ጉዞ ጀምረው ሳለ መንገድ ላይ ታመሙና ቁልቢ ላይ በመጋቢት ዐረፉ፤ የተቀበሩት ግን ሐረር ነው። ዛሬ ከሩቅ የሚታየው ባለ ጉልላቱ ትልቅ ቤተ ክርስቲያን የተሠራው በልጃቸው በዐፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ነው።

ንግሡ በዓመት ሁለት ጊዜ ነው። ታኅሣሥ 19 ቀን ሠለስቱ ደቂቅ ከእቶን እሳት የዳኑበት፣ ሐምሌ 19 ቀን ደግሞ ሕፃኑ ቂርቆስና እናቱ ኢየሉጣ ከፈላው ውሃ የዳኑበት መታሰቢያ ነው። በእሳትና በግለት መካከል የጠበቀ መልአክ ነው እንግዲህ። የጅቡቲን ሐምሌ ለምናውቅ ለእኛ ይህ ለማስረዳት ብዙ አያስቸግርም።

ጉዞው

ከሁለቱ በዓላት የቤተሰቡ በዓል የሐምሌው ነበር። ትምህርት ቤት ይዘጋል፤ የካምሲን ነፋስ ከተማውን እንደ ምጣድ ያግለዋል፤ አቅም ያለው ሁሉ ልጆቹን ይዞ ወደ ድሬዳዋና ወደ ሐረር ይወጣል። ስለትና ዕረፍት ባንድ መንገድ ይሄዱ ነበር። የታኅሣሡ ግን የሠራተኛውና የባለ ከባድ ስለቱ ነው። ጾመ ነቢያት ላይ ስለሚውል ስንቁ የጾም ነው፤ ቆሎ፣ በሶ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ጥቂት ተምር። ከስንቁ ይልቅ የሚያስቸግረው ልብስ ነበር። ዓመቱን ሙሉ በስስ ሽርጥና በነጠላ የሚኖር የጅቡቲ ሰው ሹራብ ከየት ያመጣል? ታኅሣሥ ሲቃረብ ጋቢ በሰፈሩ ውስጥ ከቤት ቤት ይዞር ነበር። የተዋሰ ሰው ሲመልስ ጸበል ወይም እምነት ጨምሮ ይመልሳል።

ባቡሩ ላይ ቦታ ማግኘት ራሱ አንድ ፈተና ነው። ሦስተኛ ማዕረግ የተሳፈረ ከነጋዴው ጆንያ፣ ከሕፃናቱና ከበርሜሉ መካከል ይቀመጣል። ድንበሩ ላይ ወረቀት ይታያል፤ ዕቃ ይፈተሻል። ድሬዳዋ ሲደርስ ዘመድ ያለው ከዚራ ወይም ገንደ ቆሬ ዘመዱ ቤት ያድራል፤ የሌለው እንደ እርሱ ለመሳለም ከመጡት ጋር ተጠግቶ ያነጋል።

ከድሬዳዋ እስከ ደንገጎ ያለው ወደ 20 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ጠመዝማዛ ዳገት ነው። ጫቱ በየቀኑ ወደ ጅቡቲ የሚወርድበት መንገድ ይኸው ነው። ደንገጎ ላይ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል፤ በስተግራ ወደ ሐረር፣ በስተቀኝ ወደ ቁልቢ። መኪና ከመጣ ከረጅም ጊዜ ወዲህም ቢሆን በእግር የሚሄደው አልቀረም። የተሳለው በእግሩ ነውና። «ልጄ ከዳነልኝ በእግሬ መጥቼ እሳለምሃለሁ» ያለች እናት አውቶቡስ ብትሳፈር ስለቷን አጎደለች ማለት ነው። አንዳንዱ ከባድ ድንጋይ ተሸክሞ ይወጣል፤ ሌላው የመጨረሻውን መንገድ በጉልበቱ እየዳኸ ይጨርሰዋል። ሌሊቱን በሙሉ ዝማሬና ዕልልታ ይሰማል።

መንገዱ የሚያልፍበት አገር የኦሮሞ ገበሬዎች አገር ነው፤ አብዛኞቹም ሙስሊሞች ናቸው። ለተሳላሚው ውሃ የሚያቀብሉት፣ ሻይና ትኩስ ድንች የሚሸጡለት፣ ለደከመው ማረፊያ የሚሰጡት እነርሱ ናቸው። ለቁልቢ ገብርኤል የሚሳሉ ሙስሊሞችም ጥቂት አይደሉም። ከሶማሌና ከአፋር ጎረቤቶቻችን ጋር በአንድ ግቢ ለምንኖር ለእኛ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም።

ከደረሱ በኋላ ስለት ይገባል፤ ጃንጥላ፣ ጧፍ፣ ዕጣን፣ መጋረጃ፣ ወርቅ፣ በሬና በግ ሳይቀር። በስለት የተወለዱ ሕፃናት እዚያው ክርስትና ይነሣሉ። በሰፈራችን ስማቸው ከገብርኤል ጋር የተያያዘ ሰዎች ለምን እንደበዙ ለሚጠይቅ መልሱ ይኸው ነው።

መንገዱ የተቋረጠባቸው ዓመታት

ጅቡቲ ለሌላ ጉዞም በር ነበረች። ወደ ኢየሩሳሌም የሚሄዱ ኢትዮጵያውያን በባቡር እዚህ ወርደው መርከብ ይሳፈሩ ነበር። ያኔ አልጋ ወራሽ የነበሩት ራስ ተፈሪ በ1924 ለትንሣኤ በዓል ኢየሩሳሌም የደረሱት በዚሁ በኩል አልፈው ነው። በ1936 ግንቦት መጀመሪያ ጣልያን ወደ አዲስ አበባ ሲቃረብ፣ ንጉሠ ነገሥቱ ዳግመኛ በዚሁ ባቡር ወርደው ከጅቡቲ በእንግሊዝ የጦር መርከብ ወደ ሃይፋ፣ ከዚያም ወደ ኢየሩሳሌም ሄዱ። መንገዱ አንድ ነው፤ መጀመሪያ የበዓል፣ ኋላ የስደት ሆነ።

እኛንም የገጠመን እንዲሁ ነበር። ጅቡቲ ሰኔ 27 ቀን 1977 ነፃነቷን ባወጀችበት ወቅት የኦጋዴን ጦርነት ተፋፍሞ የባቡሩ ድልድዮች ፈርሰው ነበር። ባቡሩ ሥራ የጀመረው በሚቀጥለው ዓመት ነው። በእነዚያ ዓመታት ከጦርነቱና ከደርግ ሸሽተው የመጡ ብዙ ወገኖቻችን በዲኪልና በአሊ ሳቢህ መጠለያዎች ኖረዋል፤ ከእነርሱም ሰፈራችን የገባ አለ። ለእነዚህ ሰዎች ዳገቱ ቀላሉ ነገር ነበር። ከባዱ ድንበሩ ነው። ተመልሶ መግባት ማለት መታሰር ሊሆን ይችላልና።

ያኔ ስለት በሰው እጅ ይሄድ ጀመር። ወረቀት ያላት ነጋዴ ሴት፣ የባቡር ሠራተኛ፣ የጫት ነጋዴ ይለመናል። ገንዘቡ በመሐረብ ይቋጠርና የባለ ስለቱ የክርስትና ስም ይነገረዋል። አደራው መድረሱን የሚያረጋግጥ ደረሰኝ የለም፤ መተማመን ብቻ ነው። የማኅበራችን መሠረት የት ነው ተብሎ ቢጠየቅ፣ አንዱ በዚያ መሐረብ ውስጥ ነው እንላለን። የሌላውን ስለት ተሸክሞ ያደረሰ ሰው ኋላ የዕድሩን ገንዘብ ሲይዝ ማንም አልተጠራጠረውም።

ከስፔን የምንማረው

በአውሮፓም ዝነኛ የእግር መንገድ አለ። ከፈረንሳይ ድንበር ተነሥቶ የሰሜን ስፔንን ገጠር አቋርጦ ሳንቲያጎ ደ ኮምፖስቴላ፣ የሐዋርያው ያዕቆብ መቃብር አለበት ተብሎ በሚታመንበት ካቴድራል ያበቃል። ርዝመቱ 780 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ የእኛ የድሮ ባቡር ከጅቡቲ አዲስ አበባ የሚጓዘውን ያህል መሆኑ ነው። ተጓዡ በየማደሪያው ማኅተም የሚመታበት ደብተር ይይዛል፤ ቢያንስ የመጨረሻውን 100 ኪሎ ሜትር በእግሩ የሄደ ምስክር ወረቀት ይሰጠዋል።

ይህ መንገድ በመካከለኛው ዘመን እንደዚያ ተጨናንቆ፣ ኋላ ሊረሳ ደርሶ ነበር። በ1980ዎቹ አጋማሽ ምስክር ወረቀት የሚቀበለው ሰው በዓመት ከ3 ሺህ ያነሰ ነበር። ኦ ሴብሬሮ በምትባል የተራራ መንደር ያገለግሉ የነበሩ ኤልያስ ቫሊኛ የሚባሉ ቄስ ግን የመንገዱን ታሪክ አጠኑ፤ መምሪያ መጽሐፍ ጻፉ፤ በ1984 ቢጫ ቀለም ይዘው በየድንጋዩና በየዛፉ ላይ የአቅጣጫ ቀስት ቀቡ። ከ2022 ጀምሮ በተለያዩ መንገዶች ሳንቲያጎ ደርሶ ምስክር ወረቀት የሚቀበለው ሰው በዓመት ከ400 ሺህ በላይ ሆኗል። መንገድ የሚጠፋው እግር ሲያጣ ብቻ ሳይሆን የሚያመላክት ሰው ሲያጣም ነው።

ቁልቢ ሰው አላጣም፤ ዛሬም በመቶ ሺህ የሚቆጠር ሕዝብ ይወጣበታል። ሊጠፋ የተቃረበው ከእኛ በር እስከዚያ ያለው ነው። አሮጌው ባቡር ቆሟል። በ2018 ሥራ የጀመረው አዲሱ ባቡር ከናጋድ ተነሥቶ ድሬዳዋ የሚያቆመው ከከተማው ወጣ ብሎ ነው፤ ከዚያ መኪና እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ያደርሳል። ቀላል ነው፤ መልካምም ነው። ግን ልጆቻችን ደንገጎን በመስኮት ብቻ ያዩታል።

በዚህ ላይ በዘመናችን ሌላ የእግር መንገድ ተከፍቷል። ከአገር ቤት የሚነሡ ወጣቶች ጅቡቲን በእግር አቋርጠው ወደ ኦቦክ፣ ከዚያ በጀልባ ወደ የመን ይሄዳሉ። በአፕሪል 2024 ብቻ ከየመን ይመለሱ የነበሩ ሁለት ጀልባዎች በሁለት ሳምንት ልዩነት ሰምጠው ከ50 በላይ ሰዎች አልቀዋል፤ አብዛኞቹ ወገኖቻችን ናቸው። የእነዚህ ልጆች እናቶችም ቁልቢ ላይ ተስለዋል። እናቶቻችን ውሃ ከሰጣቸው የቀርሳ ገበሬ ያገኙትን ደግነት ለእነዚህ መንገደኞች መመለስ የእኛ ተራ ነው። በሰፈራችን በር የሚያልፍ የደከመ እግር ሁሉ የማን ስለት እንደሆነ አናውቅምና።

ስለዚህ የኢዮቤልዩው ዓመት ሳያልፍ አንድ ነገር እንለምናለን። በየቤታችሁ የድሮ የባቡር ቲኬት፣ የቁልቢ ፎቶግራፍ፣ የክርስትና ወረቀት ያላችሁ ለማኅበሩ ጽሕፈት ቤት አሳዩን፤ ቅጂውን ወስደን እንመልሳለን። በእግራችሁ የወጣችሁ እናቶችና አባቶች ደግሞ መቼ፣ ከማን ጋር፣ ስለ ምን እንደወጣችሁ ንገሩን፤ ወጣቶቻችን ይጻፉት። ይህ ለእኛ ቢጫው ቀለም ነው።

የሁላችሁንም ስለት ያስምርልን። መልካም የኢዮቤልዩ በዓል!