ካርዳን (የጭነት መኪና)፣ አፈታቱ

የካምቢዮን ጉልበት ለዲፈረንሻል የሚያደርስ የሚሽከረከር የብረት ዘንግ። ከአጋሮ፣ ከሊሙ ገነትና ከጌራ ቡና የሚያወጡት አይሱዙዎች የሚነዱት በዚሁ ነው።

ትልቁ አደጋ ገና ከጅምሩ አለ። በብዙ ኤን ፒ አር አይሱዙዎች የእጅ ፍሬኑ የሚይዘው ጎማውን ሳይሆን ከካምቢዮው ኋላ ያለውን ከበሮ ነው፤ ካርዳኑ ሲፈታ መኪናው ያለ እጅ ፍሬን ይቀራል። ስለዚህ ማንም ከሥር ከመግባቱ በፊት መኪናው ሜዳ ላይ ቆሞ ጎማው በሁለቱም በኩል ታኮ ይደረግበታል። ይህ ለነገ የሚባል አይደለም።

ቀጥሎ መጋጠሚያዎቹና ተንሸራታቹ ጥርስ ሲገጠሙ ወደነበሩበት እንዲመለሱ በቀለም ይሰመራሉ። አጋድሎ የሚሠራ ክሮቼራ (በዘንጉ ጫፍ ያለው መስቀለኛ መጋጠሚያ) በአንድ ዙር ሁለት ጊዜ ይፈጥናል፣ ሁለት ጊዜ ይዘገያል፤ ይህን የሚያቃናው በሌላው ጫፍ ያለው ክሮቼራ ነው። ጥርሱ ተዛንፎ ከተገጠመ ንዝረቱ ኩሽኔታውንና የካምቢዮውን ዘይት ከልካይ ጎማ ይበላል።

ቡሎኖቹ ሲፈቱ ዘንጉ ይደገፋል፤ በአንድ ጫፉ አይንጠለጠልም። ቱቦው በመዶሻ ከተመታ ጎድጉዶ ሚዛኑን ያጣል።

የተበላሸ መኪና ከመጎተቱ በፊትም ካርዳኑ ይፈታል፤ ሞተር ጠፍቶ ጎማው ሲዞር የካምቢዮው ዘንግ በቂ ዘይት ሳያገኝ ይሽከረከራልና።