ስንቅና ርቀት፦ ከዓድዋ ጉዞ እስከ ጉዱማሌ

ከጉዱማሌ ተነሥቶ በታቦርና በአላሙራ የሚዞር የረጅም ርቀት ሩጫ ስንቁ እንዴት ይደራጃል ለሚለው ጥያቄ የምመልሰው ከታሪክ ተነሥቼ ነው።

በመስከረም 1888 ዓ.ም. ክተት ሲታወጅ ዘማቹ በሶ፣ ቆሎ፣ ድርቆሽና ቋንጣ ይዞ ወጣ። (ድርቆሽን የሚንቅ ሰው ሦስት ቀን በእግሩ ተጉዞ አያውቅም።) እነዚህ ምግቦች የቀለሉት ውሃቸው ስለወጣ ነው፤ ከትከሻ የወረደው ውሃ ግን መንገድ ላይ መገኘት አለበት። በሶ ያለ ውሃ አይበጠበጥም። ስለዚህ የቀን ጉዞን የሚወስነው፣ በእኔ ግምት፣ ከእግር ይልቅ ምንጭ ነበር። በየካቲት የሠራዊቱ ስንቅ መነመነ፤ የጄኔራል ባራቲዬሪም እንዲሁ። የካቲት 23 ውጊያው የተከፈተው ሁለቱም ወገኖች ብዙ ቀን መቆየት በማይችሉበት ወቅት ነው።

በፍቼ ጫምባላላ የሚቀርበው ቡርሳሜ በአንጻሩ ከእንሰትና ከቅቤ የሚሠራ እርጥብ ምግብ ነው፤ ኃይል ይሰጣል፣ ለጀርባ ግን ይከብዳል። እንግዲህ ሯጩ በሶውን ይያዝ፤ ውሃውንና ቡርሳሜውን ጣቢያው ይያዝለት። ጣቢያዎቹም ርቀቱን እኩል በመክፈል ሳይሆን ዳገቱና ፀሐዩ የሯጩን ኮዳ ባዶ በሚያደርጉበት ስፍራ ይተከሉ። ኋላ ቀርተው ለሚደርሱትም የመጨረሻው እንስራ እንዳይነካ ጠባቂ ይመደብለት።