የልጅ ኢያሱ ጥምጣም፦ «ሼር» ከማድረጋችን በፊት



ባለፈው ሰሞን ከዒሻ ሶላት በኋላ ሰቆጣ፣ መስጂዳችን በረንዳ ላይ ቁጭ ብለን ሳለ አንድ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ስልኩን ይዞ መጣ። «ኡስታዝ፣ እስቲ ይቺን ይዩልኝ። ሼር ላርጋት?» አለኝ። የልጅ ኢያሱ ፎቶ ነው። ጥቁርና ነጭ የነበረው በኮምፒውተር ቀለም ተቀብቶ፣ ጥምጣሙ አብረቅርቆ፣ ሰውዬው ትናንት የተነሣ ይመስላል። ከሥሩ «የደበቁብን ሙስሊም ንጉሥ!» ተብሎ ተጽፏል።

«ማን አነሣው?» አልኩት። «አላውቅም።» «የትና መቼ?» «እሱንም አላውቅም፤ ግን ገጹ ትልቅ ገጽ ነው» አለኝ።

ልቆጣው አልቻልኩም። ምክንያቱም እኔም ከጥቂት ዓመታት በፊት እንዲህ ያለውን ፎቶ «ማሻአላህ» ብዬ አጋርቻለሁ። ያን ቀን ማንም አልጠየቀኝም፤ እኔም ራሴን አልጠየቅኩም። ስለዚህ ይህ ጽሑፍ ለተማሪው ብቻ ሳይሆን ለራሴም ነው።

◆ ፎቶውና ዙፋኑ

እኛ ዛሬ የምንኮራበት ያ ጥምጣም በዘመኑ ምን እንደሠራ እንይ።

ልጅ ኢያሱ የዳግማዊ ምኒልክ የልጅ ልጅ ነው። እናቱ ወይዘሮ ሸዋረጋ ምኒልክ፣ አባቱ የወሎው ራስ ሚካኤል ናቸው። ራስ ሚካኤል ቀድሞ ኢማም ሙሐመድ ዐሊ ይባሉ የነበሩ፣ ከቦሩ ሜዳው ጉባኤ (1870 ዓ.ም.) በኋላ የተጠመቁ ሰው ናቸው። ዋግ እስከ ደርግ ዘመን ድረስ ከወሎ አውራጃዎች አንዱ ነበርና ይህ ታሪክ ለእኛ የሩቅ አገር ወሬ አይደለም።

ምኒልክ በ1906 ዓ.ም. ሲያርፉ ሥልጣኑ በኢያሱ እጅ ሆነ፤ ዘውድ ግን አልጫነም። ወጣቱ መሪ ወደ ሐረርና ወደ ሶማሌ ምድር ይመላለስ ነበር። ከሙስሊም ባላባቶች ጋር ተወዳጀ፣ ተጋባም። ጊዜው የአንደኛው የዓለም ጦርነት ነው። በዙሪያችን ቅኝ ግዛት የነበራቸው እንግሊዝ፣ ፈረንሳይና ጣሊያን ኢያሱ ወደ ቱርክና ወደ ጀርመን አዘነበለ ብለው ሰጉ። በመስከረም 1909 መጀመሪያ የሦስቱ አገሮች ወኪሎች ለአዲስ አበባ መኳንንት አቤቱታ አቀረቡ። የሸዋ መኳንንትም የየራሳቸው ቅሬታና የሥልጣን ስሌት ነበራቸው።

ኢያሱን ለመጣል ግን ሕዝቡን የሚያነሣ አንድ ነገር ያስፈልግ ነበር። እሱም «ሰልሟል» የሚለው ክስ ሆነ። ከክሱ ጋር ስማቸው አብሮ የሚነሣው ደግሞ ጥምጣም ጠምጥሞ፣ የሙስሊም ልብስ ለብሶ ያሳያሉ የተባሉት ፎቶዎች ናቸው።

መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. መኳንንቱ ቤተ መንግሥት ተሰበሰቡ። ጳጳሱ አቡነ ማቴዎስ ለኢያሱ ከገቡት መሐላ ፈቷቸው። ኢያሱ ወረደ፣ ዘውዲቱ ነገሡ፣ ተፈሪ አልጋ ወራሽ ሆኑ። አባቱ ንጉሥ ሚካኤል የወሎን ጦር ይዘው ተነሡ። ጥቅምት 17 ቀን ሰገሌ ላይ ሁለቱ ጦሮች ተጋጠሙና በአንድ ቀን ብዙ ሺህ ሰው አለቀ። ንጉሥ ሚካኤል ተማረኩ። ኢያሱ ለዓመታት ሲሸሽ ከርሞ በ1913 ዓ.ም. ተያዘ፤ በ1928 ዓ.ም. በእስር እንዳለ ሞተ።

◆ ታዲያ ፎቶው እውነት ነው?

የታሪክ ሰዎች በዚህ ይከራከራሉ። ገሚሱ ቅንብር ነው ይላል። በዘመኑ ቅንብር መሥራት የሚቻል ነገር ነበር፤ ከአንዱ ፎቶ ፊት፣ ከሌላው አካል ተቆርጦ ይጣበቅና መልሶ በካሜራ ይነሣል። ገሚሱ ደግሞ ኢያሱ በምሥራቅ ሳለ የአገሩን ሰው ልብስ ለብሶ በእርግጥም ፎቶ ተነሥቷል ይላል።

እኔ ከሁለቱ አንዱን ልፈርድ አልመጣሁም። ይልቅ ይህን አስቡ፦ ፎቶው እውነተኛ ነው እንበል። ጥምጣም መጠምጠም መስለም ነው? ጥምጣም እኮ የአገራችን ካህናትም ይጠመጥማሉ! መሪ የሕዝቡን ልብስ ለብሶ መታየቱም አዲስ ነገር አይደለም፤ ዛሬም ባለሥልጣን ወደ ክልል ሲሄድ የአካባቢውን ባህላዊ ልብስ ይለብሳል። ስለዚህ ፎቶው እውነት ሆኖ ከሥሩ የተጻፈው ቃል ውሸት ሊሆን ይችላል።

አሁን ወደ ተማሪው ስልክ እንመለስ። በ1909 ያንን ጥምጣም «እዩ፣ ሰልሟል» ብለው ያዞሩት ጠላቶቹ ነበሩ። ከመቶ ዓመት በኋላ «እዩ፣ ሙስሊም ነበር» ብለን የምናዞረው እኛ ነን። የከሳሾቹን ማስረጃ ወስደን ጌጥ አደረግነው፤ እነሱ ያልጠየቁትን ጥያቄ እኛም አልጠየቅንም። ልዩነቱ እነሱ የጠሉትን እኛ መውደዳችን ብቻ ነው። መውደድ ደግሞ ማስረጃ አይሆንም።

◆ በእጃችን ያለው ሚዛን

የሚገርመው ለዚህ በሽታ መድኃኒቱ ድሮውኑ በእጃችን ያለ መሆኑ ነው። ሙፈሲሮች የሱረቱል ሑጁራትን ስድስተኛ አንቀጽ ሲያብራሩ የሚተርኩት ታሪክ አለ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) አንድን ሰው ዘካ እንዲሰበስብ ወደ በኒ ሙስጠሊቅ ላኩት። ሰውየው ሳይደርስ ከመንገድ ተመልሶ «ዘካ ከለከሉ» አለ። በአንድ ሰው ወሬ የአንድ ጎሳ ደም ሊፈስ ጥቂት ቀረው። ሲጣራ ሰዎቹ ዘካቸውን ይዘው ይጠብቁ ነበር! አንቀጹ ወሬ ሲመጣ እንድናጣራ ያዘዘን፣ ባለማወቅ ሰው ጎድተን በኋላ እንዳንጸጸት ነው።

የኢስናድ ዕውቀትም የፊትና ልጅ ነው። ታላቁ ታቢዒ ሙሐመድ ኢብኑ ሲሪን እንዳስተላለፉት፣ ሰዎች መጀመሪያ ስለ አስተላላፊ አይጠይቁም ነበር፤ ፊትናው ሲነሣ ግን «ከማን ሰማህ?» ማለት ጀመሩ። ሙስሊሞች እርስ በርስ ሲጋደሉ፣ እያንዳንዱ ወገን ለራሱ የሚመች ወሬ ሲያወራ፣ ዑለማዎች የወሬውን ሰንሰለት መመርመር ያዙ። የእኛ ዘመን ከዚያ በምን ይለያል?

እኛ ደረሳ ሳለን ስለ ሐዲስ የተማርናቸው ቃላት ለስልካችንም ይሆናሉ።

▪ ሙንቀጢዕ፦ ሰንሰለቱ የተቋረጠ። ቴሌግራም ላይ ከግሩፕ ወደ ግሩፕ ዞሮ የመጣ፣ መነሻው የማይታወቅ ቪዲዮ ይህ ነው።

▪ ሙድረጅ፦ በእውነተኛው ሐዲስ ውስጥ አስተላላፊው የራሱን ቃል የቀላቀለበት። እውነተኛ ፎቶ ላይ የሐሰት ጽሑፍ ሲለጠፍ ይህን ይመስላል። ብዙ ጊዜ የሚያታልለን ይኸኛው ነው፤ ምክንያቱም ዓይናችን ያየው ነገር እውነት ነው።

▪ መውዱዕ፦ ከሥሩ የተፈጠረ። ዛሬ በሰው ሠራሽ አስተውሎት ያልተናገረውን ሰው ማናገር፣ ያልሄደበት ቦታ ማስቀመጥ ተችሏል። በኢያሱ ዘመን መቀስና ባለሙያ የሚጠይቀው ሥራ አሁን በእያንዳንዳችን ኪስ ውስጥ አለ።

◆ ሰገሌ አላለቀችም

«ይህ ሁሉ ለአንድ ሼር?» የሚል ካለ፣ ወደ ባሕር ዳር ልውሰደው። የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ መምህር የነበሩት ፕሮፌሰር መዓረግ አማረ ጥቅምት 24 ቀን 2014 ዓ.ም. በቤታቸው ደጃፍ በጥይት ተገደሉ። ልጃቸው ታኅሣሥ 2015 ናይሮቢ ላይ የፌስቡክን ባለቤት ሜታን ከሰሰ። ክሱ እንደሚለው፣ ከግድያው በፊት ፎቷቸው ከነአድራሻቸውና ከሐሰት ውንጀላ ጋር ፌስቡክ ላይ ተለጥፎ ነበር፤ ቤተሰቡ ቢያመለክትም በጊዜው አልተነሣም። መጋቢት 2017 የኬንያ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ጉዳዩን ማየት እንደሚችል ወሰነ። ሰውን የሚያስቆጣና ብዙ ኮሜንት የሚያመጣ ነገር ወደ ላይ እንዲወጣ አድርጎ የሠራ ድርጅት ኃላፊነቱን ይመለሳል። ግን ያንን ልጥፍ ላይክና ሼር ያደረገውስ? እሱ ናይሮቢ አይጠራም፤ የሚጠራው ሌላ ቦታ ነው።

ሁለተኛው ምሳሌ እኛኑ ይነካል። ሚያዝያ 18 ቀን 2014 ዓ.ም.፣ በረመዳን፣ ጎንደር ላይ የሸይኽ ጀናዛ የሸኙ ሙስሊሞች ተገደሉ። ያ ግፍ ነበር፤ ወሬውም እውነት ነበር። በቀናት ውስጥ ግን ወራቤ ላይ ቤተ ክርስቲያናት ተቃጠሉ። የወራቤ ክርስቲያን ጎንደር ላይ ምን እጅ ነበረው? ከጎንደር ወራቤ ብዙ መቶ ኪሎ ሜትር ነው። እንዲህ ያለውን ርቀት ቁጣ ዛሬ የሚሻገረው በስልክ ነው። ስለዚህ «እውነት ነው ወይ?» ብሎ መጠየቅ ብቻውን አይበቃም። «ይህን እውነት አሁን፣ በዚህ ቃል፣ ለእነዚህ ሰዎች ስልክ ማን ላይ ያርፋል?» ማለትም ያስፈልጋል።

እኛ የዋግ ሰዎች ደግሞ ሌላውንም ጫፍ አይተናል። በ2013 መጨረሻ ጦርነቱ ሰቆጣ ሲገባ ስልክም ኔትም አልነበረም። ወሬ በእግረኛ አፍ ብቻ ይመጣ ነበር። አንዲት እናት «ልጅሽ ሞቷል» ተብላ ለቅሶ ተቀመጠች፤ ከወራት በኋላ ልጇ በእግሩ መጣ። ወሬውን ያመጣው ሰው ክፉ አልነበረም፤ አዝኖላት ነው የነገራት። ሐሰትን የሚያዛምት ሁሌ መጥፎ ሰው አይደለም። በእናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) ላይ በተነሣው ስም ማጥፋት ምላሳቸውን ካስገቡት መካከል እንኳ በበድር የዘመተው ሚስጠሕ ነበር። በበድር መዝመቱ ከምላሱ ጥፋት ካልጠበቀው፣ የእኛ ቅን ልብ ይጠብቀናል?

◆ ምን እናድርግ?

ተማሪውን «ሼር አታርግ» ብዬ አልሰደድኩትም። ስልኩን ይዘን አብረን ተቀመጥንና በጉግል የፎቶ መፈለጊያ ምስሉን ፈለግነው። ያው ፎቶ በተለያየ ገጽ የተለያየ ታሪክ ተጽፎበት አገኘነው፤ አንዱም ማን እንዳነሣው አይናገርም። ልጁ ዝም ብሎ ቆየና «ታዲያ ሁሉም ከየት አመጡት?» አለኝ። እኔ የምፈልገው ይህን ጥያቄ ነበር።

ወንድሞችና እህቶች፣ ጣታችሁ «ሼር» ላይ ሳያርፍ ሦስት ነገር ጠይቁ፦ ከማን መጣ? ጽሑፉና ምስሉ አንድ ነገር ነው የሚሉት? ቢወጣስ ማን ይጎዳል? መልስ ካጣችሁ ዝም በሉ። ላልተናገሩት ነገር ማንም አይጠየቅም። የተሳሳተ ነገር አጋርታችሁ ከሆነም ልጥፉን ደብቃችሁ አትለፉት፤ «ተሳስቼ ነበር» ብላችሁ እዚያው ጻፉ። እኔም በዚህ ጽሑፍ ያደረግኩት ይህንኑ ነው።

ሙስሊሙ በዚህች አገር ለመኩራት የተጠራጠርንበት ፎቶ አያስፈልገውም። የተረጋገጠው ታሪካችን ይበቃናል፤ ያልተረጋገጠውን ደግሞ «ያከራክራል» ብለን መናገር አያሳንሰንም።

አላህ ምላሳችንንም ጣታችንንም ከሐሰት ይጠብቅልን፤ ለአገራችንም ሰላሙን ያውርድልን። ኣሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።