ሁለቱ አረንጓዴ ሙስታንጎች

በካሊፎርኒያ ሳን ሆዜ የነበረው የፎርድ መገጣጠሚያ ፋብሪካ ለ1968 ሞዴል ካወጣቸው ሙስታንጎች መካከል የሁለቱ የሻንሲ ቁጥር ተከታታይ ነው። የአንዷ በ125558፣ የሌላዋ በ125559 ያበቃል። ሁለቱም ጥቁር አረንጓዴ ቀለም የተቀቡ፣ ጣሪያቸው እስከ ኋላ ድረስ እያዘቀዘቀ የሚወርድ ባለ ሁለት በር መኪኖች ነበሩ። ሞተራቸው 390 ኪዩቢክ ኢንች ወይም 6.4 ሊትር ገደማ የሆነ ባለ ስምንት ሲሊንደር፣ ጉልበታቸው 325 የፈረስ ጉልበት፣ ካምቢዮአቸው ባለ አራት ማርሽ። ሁለቱም ለአንድ ፊልም ሥራ ወደ ዋርነር ብራዘርስ ሄዱ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ፊልሙ ሲያልቅ መንገዳቸው ተለያየ። አንዷ ከአንድ ቤተሰብ ጋር ከግዛት ግዛት እየዞረች ጋራዥ ውስጥ ተሸሽጋ ኖረች። ሌላዋ ደብዛዋ ጠፍቶ ቆይታ ሜክሲኮ ውስጥ ዝጋ ተገኘች። የመጀመሪያዋን ያዳናት ባለቤቶቿ እጃቸውን መሰብሰባቸው ነው፤ ሁለተኛዋን ያዳናት ደግሞ ሥራው ሳይገፋ ቁጥሯ መነበቡ ነው። አሮጌ መኪና ማደስ ከምንም በፊት የማንበብ ሥራ መሆኑን ከእነዚህ ሁለት መኪኖች የበለጠ የሚያስረዳ ታሪክ አላውቅም።

የጉልበት ዘመን

መስል ካር የሚባሉት የአሜሪካ መኪኖች የተወለዱት ከአንድ ቀላል ሐሳብ ነው፤ ለትልቅ መኪና የተሠራ ሞተር መካከለኛ መጠን ባላት መኪና ውስጥ መትከል። በ1963 የጄኔራል ሞተርስ አመራር የኩባንያው ቅርንጫፎች በመኪና እሽቅድምድም እንዳይሳተፉ ከለከለ። ከቅርንጫፎቹ አንዱ የሆነውና ስሙን በእሽቅድምድም የገነባው ፖንቲያክ ሌላ ዘዴ መፈለግ ነበረበት። ዋና መሐንዲሱ ጆን ዲሎሪያን ከቢል ኮሊንስና ከረስ ጂ ጋር ሆኖ 389 ኪዩቢክ ኢንች ሞተር ቴምፔስት በምትባለው መኪና ውስጥ አስገባ። ኩባንያው በዚያ መጠን ላለ መኪና የፈቀደው ሞተር ከ330 ኪዩቢክ ኢንች የማይበልጥ ነበር። ስለዚህ ጂቲኦ የተባለችው መኪና ራሷን የቻለች ሞዴል ሳትሆን ደንበኛው ከፈለገ የሚጨመር የዕቃ ስብስብ ተብላ ለገበያ ቀረበች። በመጀመሪያው ዓመት፣ በ1964 ሞዴል፣ 32,450 ጂቲኦዎች ተሸጡ።

በዚያው ዓመት ኤፕሪል 17 ቀን ፎርድ በኒው ዮርክ የዓለም ኤግዚቢሽን ላይ ሙስታንግን በ2,368 ዶላር መነሻ ዋጋ አስተዋወቀ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የተወለደው ትውልድ መንጃ ፈቃድ የሚያወጣበት ጊዜ ነበር፤ ቤንዚንም ርካሽ ነበር። ሁለት ዓመት ሳይሞላ አንድ ሚሊዮን ሙስታንግ ተመረተ። ሌሎቹም ኩባንያዎች ተከተሉ፤ ሸቭሮሌ በካማሮና በሸቬል፣ ዶጅ በቻርጀር፣ ፕሊመዝ በሮድ ራነር ተፎካከሩ። በ1970 ትልቁ የሸቬል ሞተር 450 የፈረስ ጉልበት ደርሶ ነበር።

ዘመኑ ግን አጭር ነበር። በ1970 የወጣው የንጹሕ አየር ሕግ ጭሱን መቆጣጠር ጀመረ፤ የኢንሹራንስ ድርጅቶች በወጣት አሽከርካሪዎች ላይ ክፍያውን አከበዱት፤ በኦክቶበር 1973 የዓረብ አገሮች የነዳጅ ማዕቀብ ጣሉ። ጂቲኦ ከ1974 ሞዴል በኋላ ቆመች። ትናንት ወረፋ የተጠበቀላቸው መኪኖች በአንድ ጊዜ ቤንዚን ጠጪ አሮጌ መኪና ሆኑ። ተማሪ በርካሽ እየገዛ አጋጫቸው፤ በክረምት በረዶ እንዲያቀልጥ መንገድ ላይ የሚበተነው ጨው ላሜራቸውን በላው፤ ብዙዎቹ ተጨፍልቀው ብረት ማቅለጫ ገቡ። የቀሩትን በኋላ የፈለጋቸው በወጣትነቱ የተመኛቸው ያው ትውልድ ነው። ጎልማሳ ሲሆን ገንዘብም ጋራዥም አገኘና ቅዳሜና እሑድን ለእነሱ ሰጠ። የዛሬው የእድሳት ፍቅር ሥሩ እዚያ ነው።

የሳን ፍራንሲስኮ ዳገቶች

ሁለቱ ሙስታንጎች የሠሩበት ፊልም ቡሊት ይባላል፤ በኦክቶበር 1968 ለእይታ የበቃ፣ በፒተር ዬትስ የተዘጋጀ፣ ስቲቭ መኩዊን መርማሪ ፖሊስ ሆኖ የተወነበት። ሰው የሚያስታውሰው ከአሥር ደቂቃ በላይ የሚፈጀውን የመኪና ማሳደድ ነው። አረንጓዴዋ ሙስታንግና ጥቁሩ ዶጅ ቻርጀር በሳን ፍራንሲስኮ ዳገትና ቁልቁለት ላይ እየዘለሉ ይከታተላሉ፤ ፍጥነታቸው በሰዓት ከ170 ኪሎ ሜትር አልፎ ነበር። አንዱ ጎዳና ከተለያየ አቅጣጫ ተቀርጾ ስለተደጋገመ አንዲት አረንጓዴ ቮልስዋገን ደግማ ደጋግማ ትታያለች። የፊልሙ አርታኢ ፍራንክ ኬለር በዚህ ሥራ ኦስካር ተሸልሟል።

ማክስ ባልቾውስኪ የተባለው የእሽቅድምድም መኪና ባለሙያ ሙስታንጎቹ ዝላዩን እንዲችሉ አካላቸውን አጠናከረ። ከፊት የነበረው የፈረስ ምልክት ተነሣ፤ ቸርኬዎቹ ግራጫ ተቀቡ። ከነዱት መካከል መኩዊን ራሱና ባድ ኢኪንስ የተባለው የስታንት ባለሙያ አሉ። ቁጥሯ በ558 የሚያበቃው ለከባዱ ዝላይ፣ በ559 የሚያበቃው ደግሞ ተዋናዩ ከቅርብ ለሚታይበት ቀረጻ ዋሉ።

ሳትነካ የዳነችው

559 ከፊልሙ በኋላ ለዋርነር ብራዘርስ ሠራተኛ ተሸጠች፤ ቀጥላም በኒው ጀርሲ ለሚኖር የፖሊስ መርማሪ። በ1974 አንድ የኒው ጀርሲ ሰው በሮድ ኤንድ ትራክ መጽሔት የወጣ ማስታወቂያ አይቶ በ6,000 ዶላር ገዛት። ቤተሰቡ እንደ ማንኛውም መኪና ተገለገለባት። ሚስቱ አስተማሪ ነበረችና ትምህርት ቤት ትመላለስባት ነበር። በ1977 መኩዊን ራሱ ደብዳቤ ጽፎ እንዲሸጡለት ጠየቀ፤ አልሸጡለትም። በ1980 ፍሪሲዮኗ አለቀና ቆመች። መኩዊንም በዚያው ዓመት አረፈ።

የገዛት ሰውና ልጁ በ2001 ሊያድሷት መፍታት ጀመሩ። ሕመም አቋረጣቸው፤ አባትየው በ2014 ሞተ፤ ልጁ የቀረውን ሥራ ብቻውን ጨረሰ። እዚህ ላይ ያደረገው ምርጫ ነው ታሪኩን ትልቅ የሚያደርገው። እንድትሄድ የሚያስፈልጋትን አስተካከለ፤ ቀለሟን ግን አልነካም። የደበዘዘው አረንጓዴ፣ የተጫረው ላሜራ፣ የዛገው ጠርዝ እንዳለ ቀረ። ከበሮቹ ሥር፣ ለካሜራ ማሰሪያ የተበየዱት የብረት ቱቦዎችም አሉ። አንድ ትጉህ አዳሽ አዲስ ሊያስመስላት ቢነሣ መጀመሪያ የሚቆርጠው እነዚያን ቱቦዎች ነበር፤ ፎርድ አልሠራቸውም፣ አያምሩምም። ግን ይህች መኪና ያቺው መኪና መሆኗን የሚመሰክሩት እነሱ ናቸው።

በጃኑዋሪ 2018 ዲትሮይት ላይ ለሕዝብ ታየች። በአሜሪካ ብሔራዊ የታሪካዊ ተሽከርካሪዎች መዝገብ 21ኛዋ ሆና ገባች፤ በዚያው ዓመት በዋሽንግተን ናሽናል ሞል መስታወት ቤት ውስጥ ለእይታ ቀረበች። ጃኑዋሪ 10 ቀን 2020 ፍሎሪዳ ኪሲሚ ላይ በጨረታ ወጥታ ከኮሚሽኑ ጋር በ3.74 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠች፤ እስከዚያ ቀን ለሙስታንግ ያን ያህል ተከፍሎ አያውቅም። ከ300 ሺህ በላይ የ1968 ሙስታንጎች ተመርተዋል። የገንዘቡ ምክንያት ያልተፋቀው ታሪኳ ነው።

ዝገት የበላት

558 ተጨፍልቃለች ተብሎ ይታመን ነበር። ሆኖም ሜክሲኮ ውስጥ በባሃ ካሊፎርኒያ ልሳነ ምድር ነጭ ተቀብታ፣ አካሏ ተጎድቶ ተገኘች። የገዟት ሰዎች ያሰቡት በሌላ የመኪና ፊልም የምትታወቀውን የኤሌኖር ሙስታንግን ቅጂ ሊያደርጓት ነበር። ለዚያ ሥራ የሻንሲ ቁጥሩን ሲመለከቱ ነገሩ ተገለጠ። በ2017 የፎርድን የምርት መረጃ የያዘው ኬቨን ማርቲ መርምሮ አረጋገጠ። የሾክ አብዞርበሮቹ መቀመጫ ለዝላይ ተብሎ መጠናከሩም ከቁጥሩ ጋር ተስማማ።

ሥራው በሌላ አቅጣጫ ጥቂት ቢገፋ ኖሮ የፊልሙ መኪና ለሌላ ፊልም ቅጂ ስትባል ትጠፋ ነበር። ያጠፏትም መኪና የሚወዱ ሰዎች በሆኑ ነበር።

ከመፍታት በፊት

ስለዚህ የሚያድስ ሰው የመጀመሪያ መሣሪያው የእጅ ባትሪና ደብተር ናቸው። የ1968 ሙስታንግ የሻንሲ ቁጥር ራሱ ይናገራል። የ559ን ብንወስድ 8 አር 02 ኤስ ብሎ ይጀምራል፤ 8 የሞዴሉ ዓመት 1968 ነው፣ አር ሳን ሆዜ ነው፣ 02 ጣሪያው ወደ ኋላ የሚያዘቀዝቅ አካል ነው፣ ኤስ 390ው ሞተር ነው። የቀረው ተራ ቁጥሯ ነው። በሩ ላይ የተለጠፈው ሰሌዳ ደግሞ የቀለሙን፣ የወንበሩን ልባስ፣ የካምቢዮውንና የዲፈረንሻሉን ምልክት ይዟል። ሞተሩ ላይ የተቀረጸው የወጣበት ቀን ከመኪናዋ ቀን ጋር መግጠሙ ይታያል። ይህ ሁሉ ሳይመዘገብ ብሎን መፍታት ማስረጃ መበተን ነው።

ቀጥሎ ዝገቱ ነው። በእነዚህ ሙስታንጎች ዋናው ጠላት ከፊት መስታወቱ ሥር ያለው የአየር ማስገቢያ ላሜራ ነው። ውሃ ገብቶ እዚያ ይቀመጣል፣ ላሜራውን ከውስጥ ይበሳል፣ ከዚያ ወደ ወለሉ ይንጠባጠባል። ምንጣፉ ሥር የበሰበሰ ወለል ያገኘ ሰው ወለሉን ብቻ ቀይሮ ቢተወው አዲሱም ይዝጋል፤ ምንጩ ላይ ነው መድረስ ያለበት። ሙስታንግ ለብቻው የቆመ ሻንሲ የላትም፤ ወለሉና አካሉ አንድ ሆነው ነው ክብደቱን የሚሸከሙት። ስለዚህ የበሰበሰው ከመቆረጡ በፊት በሮቹ በሚገቡበት ክፍተት ውስጥ ብረት ተበይዶ መወጠር አለበት። ይህን የዘለለ ሰው አዲሱን ወለል በይዶ ሲጨርስ በሮቹ አይገጥሙለትም።

ዛሬ ለእነዚህ መኪኖች የማይሠራ መለዋወጫ የለም ማለት ይቻላል። የ1967 እና የ1968 ሙስታንግ ሙሉ አካል እንኳ በአዲስ ላሜራ ተሠርቶ ይሸጣል። ይህ ብዙ መኪና አድኗል። ፈተናውም በዚያው ልክ ነው፤ ለመቀየር ቀላል የሆነ ነገር ሳያስፈልግ ይቀየራል። በዕድሜ የጠቆረ ብራና የሚያክም ሰው በኅዳጉ ላይ ያሉትን የአንባቢዎች ማስታወሻዎች ቆሻሻ ናቸው ብሎ አይፍቅም፤ መኪና የሚያድስም ያን ያህል መጠንቀቅ አለበት።

አንድ ደንብ፣ ሁለት መልስ

ይህ ጥንቃቄ የእኔ ምኞት ብቻ አይደለም። ታሪካዊ ሕንፃዎችን ለመጠበቅ በ1964 የወጣው የቬኒስ ቻርተር እድሳት ግምት ከሚጀምርበት ቦታ ላይ መቆም እንዳለበት ይደነግጋል። የዓለም አቀፍ የጥንታዊ ተሽከርካሪዎች ፌዴሬሽን በ2013 ያጸናው የቱሪን ቻርተር ያንኑ አስተሳሰብ ወደ መኪና አመጣው። ያለውን መጠበቅ ይቅደም፣ የተለወጠው ይመዝገብ፣ አዲሱ ከቀድሞው ይለይ የሚል ነው።

ይህ ደንብ ግን ሁሉንም መኪና ሳይነኩ ይተዉ ማለት አይደለም፤ ሁለቱ ሙስታንጎች ይህን ያሳያሉ። 559ን እንደ አዲስ መቀባት ጥፋት ይሆን ነበር፤ ታሪኳ ያለው ቀለሟና ጭረቷ ላይ ነው። 558ን እንደተገኘች መተው ደግሞ ለዝገቱ አሳልፎ መስጠት ይሆን ነበር፤ ብየዳና አዲስ ላሜራ ያስፈልጋት ነበር፣ የተረፈው የመጀመሪያው ብረት ግን አንድ በአንድ ሊጠበቅ ይገባል። ጥያቄው ለሁለቱም አንድ ነው፤ ከዚህ መኪና ላይ ተመልሶ ሊሠራ የማይችለው ምንድን ነው?

አሮጌ መኪና ገዝቶ ጋራዥ ያስገባ ሰው ይህን ጥያቄ መዶሻ ከማንሳቱ በፊት ይጠይቅ። ፎቶ ያንሣ፣ የፈታውን ብሎን በየከረጢቱ ስም ጽፎ ያስቀምጥ፣ የቀየረውን ዕቃ አይጣል፣ የሠራውን ሁሉ በቀን ጽፎ ከመኪናዋ ጋር ያኑር። ከእሱ በኋላ የሚረከባት ሰው የትኛው የፋብሪካው ሠራተኛ እጅ፣ የትኛው የእሱ መሆኑን እንዲያውቅ ያስቻለ አዳሽ ሥራውን በሚገባ ሠርቷል።