የቤት ሲኒማ ሪሲቨር

የቤት ሲኒማ ሪሲቨር ከቴሌቪዥን፣ ከዲስክ ማጫወቻና ከመሰል ዕቃዎች የሚመጣውን ድምፅ ተቀብሎና አጉልቶ ለየስፒከሩ የሚያከፋፍል መሣሪያ ነው፤ ከዲሽ ሪሲቨር ጋር ስም እንጂ ሥራ አይጋራም። ሙዚቃ በአብዛኛው የሚቀረጸው በስቴሪዮ፣ ማለትም ለሁለት ስፒከር ነው። ለፊልም የተለመደው አነስተኛ አደረጃጀት 5.1 ነው፦ ከፊት ሦስት፣ ከጎን ወይም ከኋላ ሁለት ስፒከር፣ ለጎርናናው ድምፅ ደግሞ አንድ ሳብዉፈር።

ገዢን በብዛት የሚያሳስተው የዋት ቁጥር ነው። ካርቶኑ ላይ የተጻፈው 100 ዋት ብዙ ጊዜ ሁለት ቻናል (ለአንድ ስፒከር የሚሄድ የድምፅ መስመር) ብቻ ሲሠራ የተለካ ነው፤ ሁሉም አንድ ላይ ሲሠሩ የእያንዳንዱ ድርሻ ይቀንሳል። ኃይሉ እጥፍ ቢሆን እንኳ ድምፁ የሚጨምረው 3 ዴሲቤል ብቻ ስለሆነ በ80 እና በ100 ዋት መካከል ማመንታት ከንቱ ነው። ይልቅስ ስፒከሩ 4 ኦም ከሆነ ሪሲቨሩ ያንን መሸከም መቻሉ መረጋገጥ አለበት።

ለሙዚቃ የሚያደላ ሰው በዚያው ዋጋ ባለሁለት ቻናል አምፕሊፋየር ቢገዛ ብዙ ጊዜ ይሻለዋል፤ ገንዘቡ በቻናል ብዛትና በምስል ማስተላለፊያ ክፍሎች ላይ አይበተንበትም። ሙዚቃንም ፊልምንም የሚፈልግ ፕሪአውት (ድምፁን ወደ ሌላ አምፕሊፋየር የሚያወጣ ማገናኛ) ያለውን ሪሲቨር ቢመርጥ፣ ውሎ አድሮ የተሻለ አምፕሊፋየር ሊቀጥልበት ይችላል።