የብስክሌት ፍሬም ጥራት አመዛዘን፤ ከብረት እስከ ካርቦን

ከወልድያ ወደ ሰሜን የሚዘልቀው አውራ ጎዳና ጎብዬንና ሮቢትን አልፎ ቆቦ ሲደርስ የራያ ሜዳ በሰፊው ይከፈታል። በምሥራቅ የዞብል ተራሮች፣ በምዕራብ የላስታ ከፍታዎች ዳርና ዳር ቆመው በመካከላቸው ማሽላ የሚበቅልበት፣ የጎሊናና የሆርማት ወንዞች የሚያቋርጡት ቆላ ተዘርግቷል። መንገዱ ዋጃን አልፎ አላማጣ እስኪገባ ድረስ ይህ ነው የሚባል ዳገት የለበትም። ከአላማጣ በኋላ ግን የግራካሱ ጠመዝማዛ ይጀምርና ኮረም እስኪደረስ ድረስ አንድ ሺህ ሜትር ያህል ይወጣል። ይህም ጎዳና ጣሊያኖች በ1928 እና በ1933 ዓ.ም. መካከል በነበረው የወረራ ዘመን አሥመራን ከአዲስ አበባ ለማገናኘት የሠሩት ነው።

እንዲህ ያለው አገር ለብስክሌት ሁለት ልዩ ልዩ ፈተናዎችን ያቀርባል። በሜዳው ላይ ፍሬሙ የሚፈተነው በጭነትና ሳያቋርጥ በሚደጋገም ንዝረት ነው፤ በቁልቁለቱ ላይ ደግሞ በፍጥነትና በፍሬን ኀይል ይፈተናል። በሜዳ ላይ የተሰበረ ፍሬም ባለቤቱን በእግሩ ያስኬደዋል፤ በግራካሱ ጠመዝማዛ ላይ የተሰበረ ግን ሕይወት ያጠፋል። ስለዚህ አንድ ፍሬም የሚታመን መሆኑንና አለመሆኑን ለይቶ ማወቅ ከንግድ ጉዳይነት ያለፈ ቁም ነገር ነው። ይህ ዕውቀት ከማን ዘንድ እንደሚገኝ ግን ባለፉት ሃምሳ ዓመታት ውስጥ ፈጽሞ ተለውጧል።

የብስክሌት ውድድር ቀድሞ ሥር የሰደደው በዚሁ ጎዳና ሰሜናዊ ጫፍ በአሥመራ ሲሆን፣ የኤርትራ ዙር የተባለው ውድድር እ.ኤ.አ. በ1946 ተጀመረ። ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሊምፒክ በተሳተፈችበት በሜልበርን ውድድር ላይ፣ በኅዳር 1949 ዓ.ም.፣ ገረመው ደንቦባ የሚገኝበት የብስክሌት ቡድን ከሯጮቹ ጋር ተሰልፎ ነበር። በዚያ ዘመን የውድድርም ሆነ የጭነት ብስክሌት ፍሬም የሚሠራው ከብረት ቱቦ ነው። የእንግሊዙ ሬይኖልድስ እ.ኤ.አ. በ1897 ጫፎቹ ወፍረው መካከሉ የሳሳ ቱቦ አሠራርን በስሙ አስመዘገበ፤ በ1935 ደግሞ «531» የተባለውን ዝነኛ የብረት ቅይጥ አወጣ።

ብረት ለመርማሪው የሚመች ጠባይ አለው። ከአቅሙ በላይ ሲጫን አብዛኛውን ጊዜ ከመሰበሩ በፊት ይጎብጣል። ድካም ሲገባውም ስንጥቁ ከመጋጠሚያው አጠገብ ቀለሙን ሰንጥቆ ወይም የዝገት መስመር አስከትሎ ይታያል። አንድ ልምድ ያለው ጠጋኝ ፍሬሙን አጥቦ፣ ወደ ብርሃን አዙሮ፣ ክር ወጥሮ ቀጥ ማለቱን በመለካት ፍርዱን ሊሰጥ ይችላል፤ ጉድለት ሲያገኝም በያጁ ከጎረቤት አለ። በዚህ ዘመን ፈራጁ ገበያው መካከል ተቀምጦ የሚሠራው የእጅ ባለሙያ ነበረ ማለት ነው።

የካርቦን ክር ታሪክ የሚጀምረው ከብስክሌት ርቆ ነው። ጃፓናዊው ተመራማሪ አኪዮ ሺንዶ እ.ኤ.አ. በ1961 ከሰው ሠራሽ ክር ጠንካራ የካርቦን ክር የማውጣትን ዘዴ አስታወቀ፤ ብዙም ሳይቆይ በእንግሊዝ አገር የፋርንቦሮ የአውሮፕላን ምርምር ተቋም ዘዴውን አሻሻለው። ዓላማው አውሮፕላን ማቅለል ነበር። በ1970ዎቹ አጋማሽ ኤክሶን የተባለው የነዳጅ ኩባንያ የካርቦን ቱቦዎችን ከብረት መጋጠሚያ ጋር በሙጫ አያይዞ ግራፍቴክ የሚባለውን ብስክሌት አወጣ። በ1986 አሜሪካዊው ግሬግ ለሞንድ የፈረንሳይን ዙር በካርቦን ፍሬም አሸነፈ፤ በዚያው ዓመት ኬስትሬል የተባለው ፋብሪካ ቱቦና መጋጠሚያ ሳይለይ በአንድነት የተቀረጸ ፍሬም ለገበያ አቀረበ። በሐምሌ 2008 ዓ.ም. ጽጋቡ ግርማይ ከኢትዮጵያውያን የመጀመሪያው ሆኖ በፈረንሳይ ዙር ሲወዳደር፣ ታላላቆቹ ቡድኖች በሙሉ የሚጋልቡት በካርቦን ብስክሌት ነበር።

በእነዚሁ ዓመታት የሥራው ማእከል ወደ ታይዋንና ወደ ቻይና ተዛወረ። የአውሮፓና የአሜሪካ ስም የተለጠፈባቸው ብዙ ፍሬሞች የሚሠሩት በዚያ ነው፤ ከዚያው አካባቢም ስመ ጥር ምልክት የሌላቸው፣ ዋጋቸው እጅግ ያነሰ ፍሬሞች በቀጥታ ለገዢ ይላካሉ። ከእነዚህ ጋር የታወቀ ፋብሪካ ስም በሐሰት የተጻፈባቸውም ተቀላቅለው ይሸጣሉ። ዋጋው ማነሱ ብቻውን የጥራት ጉድለት ማስረጃ አይሆንም፤ ለማስታወቂያና ለውድድር ቡድን ደመወዝ ገንዘብ የማያወጣ ሠሪ በርካሽ ሊሸጥ ይችላል። የዋጋ መወደድም ዋስትና አይሆንም፤ ስመ ጥር ፋብሪካዎችም ፍሬምና ሹካ ከገበያ የሰበሰቡበት ጊዜ አለ። ዋናው ጥያቄ ዋጋው የተቀነሰው ከየትኛው ሥራ ላይ ነው የሚለው ነው።

ይህን ለመረዳት አሠራሩን ማወቅ ይጠቅማል። ፍሬሙ በሙጫ ከተነከረ የካርቦን ጨርቅ ተቆርጦ በእጅ የሚደረደር ነው። ቁራጮቹ በመቶ ይቆጠራሉ፤ ክሩ የሚዘረጋበትም አቅጣጫ ከቦታ ቦታ ይለያያል። ከዚያም በቅርጽ ማውጫ ውስጥ ተከትቶ፣ ከውስጥ በአየር ግፊት ተወጥሮ፣ በሙቀት ይበስላል። አንድ ቁራጭ ቢጎድል፣ ጨርቁ ቢጨማደድ፣ ግፊቱ አንሶ የአየር አረፋ ቢቀር፣ ሙጫው በሚገባ ሳይበስል ቢወጣ ጉድለቱ ከቀለሙ በታች ተሰውሮ ይቀራል። ሁለት ፍሬሞች ከአንድ ቅርጽ ማውጫ ወጥተው በመልክ መንትያ፣ በጥንካሬ ግን ባዕድ ሊሆኑ የሚችሉት በዚህ ምክንያት ነው። በዚህም የተነሣ የጠጋኙ ዐይን የቀድሞ ሥልጣኑን አጣ።

ሥልጣኑን የወረሰው የመፈተሻ ማሽን ነው። አውሮፓ እ.ኤ.አ. በ2005 ለውድድር ብስክሌት ደረጃ አወጣች፤ ዓለም አቀፉም የደረጃዎች ድርጅት አይ.ኤስ.ኦ. 4210 የተባለውን ደረጃ በ2014 በዘጠኝ ክፍሎች አደራጅቶ ካወጣ በኋላ በ2023 አድሶታል። በዚህ መሠረት የውድድር ፍሬም ከሚያልፍባቸው ፈተናዎች አንዱ በፔዳል በኩል 1,100 ኒውተን፣ ማለትም የ110 ኪሎ ግራም ክብደት ያህል ኀይል፣ 100,000 ጊዜ እየተደጋገመ የሚጫንበት ነው። በሌላው ደግሞ 22.5 ኪሎ ግራም የሚመዝን ዕቃ ከላይ ተለቅቆ ሹካውን ይመታዋል።

ስለ እነዚህ ፈተናዎች ገዢው ሁለት ነገሮችን ሊለይ ይገባል። አንደኛ፣ በማሽን የተፈተነው ፍሬም ለጋላቢ አይሸጥም፤ የሚሸጠው ወንድሙ ነው። ስለዚህ የፈተናው ወረቀት ዋጋ የሚኖረው ፋብሪካው ሁሉንም በአንድ ዐይነት መሥራቱን ሲቈጣጠርና በየፍሬሙ ላይ የመለያ ቁጥር ሲያትም ነው። ሁለተኛ፣ የዓለም አቀፉ የብስክሌት ማኅበር እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ በፍሬሞች ላይ የሚያስለጥፈው ምልክት ቅርጹና ልኩ የውድድርን ደንብ መከተሉን ይመሰክራል እንጂ የጥንካሬ ምስክር ወረቀት አይደለም። ብዙ ሻጮች ግን ይህንኑ እንደ ደኅንነት ማረጋገጫ አድርገው ያቀርቡታል።

ይህ ማለት የእጅ ምርመራ ፋይዳ የለውም ማለት አይደለም። እንስራ የምትገዛ ሴት በጣቷ አንኳኩታ ድምፁን እንደምታዳምጥ ሁሉ፣ የካርቦን ቱቦም በሳንቲም ሲመታ ጤነኛው ክፍል ጥርት ያለ፣ ንጣፉ የተላቀቀው ክፍል የታፈነ ድምፅ ይሰጣል። ይሁን እንጂ ውፍረቱ ከቦታ ቦታ ስለሚለያይ ጆሮም ይሳሳታል፤ እርግጠኛው ምርመራ የድምፅ ሞገድ ወይም የራጅ መሣሪያ ይጠይቃል።

ለራያ ቆላ ጋላቢ ከሌሎች የሚበልጡ አንዳንድ ጥንቃቄዎች አሉ። የፀሐዩ ሐሩር ራሱ የሚያሰጋ አይደለም፤ በሚገባ የበሰለ ሙጫ የሚለሰልሰው ከ100 ዲግሪ ሴልሲየስ በላይ ሲሞቅ ነው። ፍሬኑ ቸርኬውን የሚይዝ ብስክሌት ከኮረም ወደ አላማጣ ሲወርድ ግን ሰበቃው ከዚህ የበለጠ ሙቀት ሊፈጥር ይችላል፤ ርካሽ የካርቦን ቸርኬም ከፍሬሙ ቀድሞ የሚከዳው በዚህ ጊዜ ነው። በአውቶቡስ ፖርቶ መጋላ ላይ በገመድ ጠፍሮ ማሰርም የሚያስከትለው አደጋ አለ፤ ወደ ታች የሚጫነውን ክብደት የሚችለው ስስ ቱቦ ከጎን ሲጨፈለቅ ንጣፉ ከውስጥ ይላቀቃል። ቡሎንም በክንድ ግምት መጥበቅ የለበትም፤ የመቀመጫው ማሰሪያ ብዙውን ጊዜ ከ5 ኒውተን ሜትር በላይ አይፈልግም፤ ለዚህም ልኩን የሚያሳይ ቁልፍ ያስፈልጋል።

እነዚህን ሁሉ ደምሮ ለሚመዝን ሰው ፍርዱ ግልጽ ነው። የመለያ ቁጥር ያለው፣ ሠሪው የሚታወቅና የሚጠየቅ፣ በደረጃው መሠረት መፈተኑ በሰነድ የተረጋገጠ የካርቦን ፍሬም ርካሽ ቢሆንም ሊታመን ይችላል። እነዚህ ከሌሉት ግን በተመሳሳይ ዋጋ የሚገኘው ደኅና የብረት ወይም የአሉሚኒየም ፍሬም ይበልጣል፤ በተለይ ብረቱ ቁስሉን ለባለቤቱ የሚያሳይና በአቅራቢያው የሚጠገን ነውና። ጥቂት መቶ ግራም ለመቀነስ ሲባል ይህን ዋስትና መለወጥ ለዕለት ተጓዥ ትርፍ የለውም።

የቀረው ድርሻ የባለሙያው ነው። አገሪቱ ደረጃ የሚያወጣ ተቋምና ተስማሚነትን የሚመዝን ድርጅት አላት። መሐንዲሶችም ሰነድ አንብቦ መመስከር፣ የተሰበረውን ፍሬም መርምሮ ምክንያቱን መመዝገብ ይችላሉ። ማሽን በሌለበት ስፍራ የአንዱ ጋላቢ አደጋ ለሌላው ትምህርት የሚሆነው በጽሑፍ ሲቀመጥ ብቻ ነው።